ስኮርታውን ተሸክሜ እመጣለሁ

ዲላ ውስጥ አቶ ወልደዮሐንስን ሳያማክር በቅሎ የገዛ ሰው ካለ፣ ወይ ከተማውን የማያውቅ እንግዳ ነው፣ ወይ ምክር የማይሰማ ግትር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በቅሎ መርጠዋል። ጥርሷን ገልጠው ያያሉ፤ ኮቴዋን አንስተው ያንኳኳሉ፤ ገጣባ ተደብቆባቸው እንዳይሆን ግላሱን ገፈው ጀርባዋን ይዳስሳሉ። ከዚያ ወይ "ውሰዳት" ይላሉ፣ ወይ ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። "ውሰዳት" ካሉ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያውቃትን ቃል ይጨምራሉ፤ "መንገድ ላይ ከጣለችህ ኮርቻዋን ተሸክሜ ደጅህ አደርሳለሁ።" በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ኮርቻ አልተሸከሙም።

ክፉ ቀን የመጣባቸው በመኪና ነው። የሃምሳዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ሲሉ የቡና ነጋዴው ሁሉ ተራ በተራ በቅሎውን እየሸጠ ጂፕ ይገዛ ጀመር። የአቶ ወልደዮሐንስም ደጅ ጭር አለ። ሰው አላቃለላቸውም፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይላቸዋል፣ ጤናቸውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ያልፋል። ቆሞ የሚያማክራቸው ግን ጠፋ። አንጀታቸውን ያሳረራቸው ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የድሮ ልጓም በቅባት ሲያሹ ይውላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሳነሽ በቅሎ በሌለበት ቤት ልጓም ማሸት ምን የሚሉት ሥራ ነው ሲሏቸው ይቆጣሉ፤ ተቆጥተውም ማሸታቸውን ይቀጥላሉ።

እንዲህ በተቀመጡበት ነው ታረቀኝ የመጣው። ታረቀኝ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሦስት በቅሎ መርጠውለታል፣ ሦስቱም አላሳፈሩትም። አሁን ግን መኪና ሊገዛ ነው፤ ያገለገለች፣ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት መኪና። በሥራ ቀን ቡና ሊገዛ አሪቻና ባንኮ ጎቲቲ ይወጣባታል። በበዓል ቀን ደግሞ ሚስቱን አመለወርቅን ይዞ አገር ያይባታል። አመለወርቅ የጎርጎራ ልጅ ናት፣ ጣና ዳር ያደገች። ያገባት ሰሞን ከዳገቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያብለጨልጨውን የአባያ ሐይቅ አሳይቷት፣ እዚያ አሸዋ ላይ በመኪና አንሸራሽርሻለሁ ብሎ ነበር። ይሄው አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እሷ እንደሆነ አልረሳችም፤ በተጣሉ ቁጥር ሐይቁን ታነሳበታለች።

"ጋሼ ወልደዮሐንስ፣ መኪናውን እርስዎ ይምረጡልኝ" አለ ታረቀኝ።

አቶ ወልደዮሐንስ የሚቀልድባቸው መስሏቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር ስትመጣ ዳር መያዝ ብቻ ነው አሉት። ታረቀኝ ግን አልቀለደም። በቅሎም ሆነ መኪና ሻጩ ያው ሰው ነው፣ እርስዎ ደግሞ ሰው አይስቱም አላቸው። ሽማግሌው ይቺን ቃል ሲሰሙ ልጓሙን አስቀመጡት፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ለሽያጭ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ፈለቀ ጋራዥ ውስጥ የቆመ አረንጓዴ ጂፕ ነው፤ ቀለሙ ፊት ያሳያል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ሁለተኛዋ አገሩ ሊገባ ዕቃውን የሚሸጥ የውጭ አገር መምህር ላንድሮቨር ናት። ይቺ ምስኪን በሯ የተጨረማመተ፣ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ፣ አንድ ዓይኗ የተሰነጠቀ ነበረች። የጋራዡ ባለቤት ፈለቀ ምላሱ የማያርፍ፣ እጁ ግን የተባረከ መካኒክ ነው። ጂፑን እያሞገሰ እስኪደክመው አወራ። አቶ ወልደዮሐንስ ሁለቱንም ዞረው ዞረው አዩና፣ ነገ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጋራዡ ደጅ ተገኙ። በቅሎ ስትመረጥ ያደረችበት ጋጣ ይታያል፤ ሆዷ ጤና ይሁን አይሁን የሚታወቀው እዚያ ነው። አጎንብሰው ከጂፑ ሥር ቢያዩ አዲስ ሰጋቱራ ተነስንሷል። በበትራቸው ገለጥ ቢያደርጉት ከሥሩ መሬቱ በዘይት ጨቅይቷል። ከዚያ ወደ መምህሩ ግቢ ሄዱ። ላንድሮቨሯ ያደረችበት መሬት ደረቅ ነው፤ እንዲያውም አንዲት ዶሮ ሥሯ ገብታ አፈሩን ትጭራለች። የመምህሩን ዘበኛ መኪናዋን የሚያጥባት ማን እንደሆነ ጠየቁት። ራሱ ጌታዋ ነው፣ በየቅዳሜው፣ እንደ ልጅ ነው የሚያጥባት አላቸው።

እንደዚያም ሆኖ አልቸኮሉም። ታረቀኝንና ለሚገዛው መኪና የቀጠረውን ሹፌር ሙሉካን አስጠሩ። ሙሉካ የዱመርሶ ሰው ነው፤ አሥር ዓመት የቡና ጭነት በጌዴኦ ጭቃ ላይ የነዳ፣ ሲናገር ቀስ የሚል ጌዴኦ። ሁለቱንም መኪኖች ተራ በተራ ዳገቱን አስወጥተው አስወረዱትና፣ ሲመለሱ ልክ ዳገት የወጣች በቅሎ ትንፋሽ እንደሚያዳምጡ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አደረጉ። ጂፑ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ላንድሮቨሯ ምንም አልመሰላትም። ቀና ብለው ታረቀኝን አዩት።

"ውሰዳት" አሉ።

ጋራዡ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ፈለቀ ጂፑ ባይመረጥለትም ቀልዱን አልተወም። በቅሎስ ኮርቻ አላት፤ ይቺ አሮጊት አባያ አሸዋ ላይ ከጣለቻቸው ጋሼ ምን ሊሸከሙ ነው ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ መልሳቸውን ሊሰማ ጠጋ አለ። አቶ ወልደዮሐንስ በበትራቸው መሬቱን መቱ። ዓይናቸው ላንድሮቨሯ ኮፈን ላይ በታሰረችው ትርፍ ጎማ ላይ አረፈ።

"ስኮርታውን ተሸክሜ እመጣለሁ!" አሉ። "ከአባያ ዳር እስከ ታረቀኝ ደጅ።"

ቃሉ እስከ ማታ ከተማውን አዳረሰ። ወይዘሮ ካሳነሽ ሲሰሙ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። አቶ ወልደዮሐንስ ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። ያቺ መኪና ካሳፈረቻቸው ከእንግዲህ በቅሎም ቢሆን የሚያስመርጣቸው አይኖርም፤ ካኮራቻቸው ደግሞ ደጃቸው ዳግመኛ ሰው ይቆምበታል።

ጥር ገባ፤ ቡናው ተለቅሞ ደረቀ፤ ከጥምቀት በኋላ በሚካኤል ዕለት ሊሄዱ ተቀጠረ። በዋዜማው አቶ ወልደዮሐንስ መጥተው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በበትራቸው መቱ። ሩቅ የምትሄድ በቅሎ ኮቴዋ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ንፋ አሉት ሙሉካን። ሙሉካም ተስማማ። በዱመርሶ ጭቃ የሚያዋጣው እንደ ድንጋይ የተነፋ ጎማ ነው፤ ጭቃውን ቆርጦ ይወርድና ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። ሁለቱም ከጭቃ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ማን ይፍረድባቸው? አራቱም ጎማ በበትር ሲመታ እስኪጮህ ድረስ ተነፋ። ኮፈኑ ላይ ያለችውን ስኮርታ ግን ያስታወሳት አልነበረም።

በማግስቱ አምስት ሆነው ወረዱ። ታረቀኝና አመለወርቅ፣ ሙሉካ መሪውን ይዞ፣ አቶ ወልደዮሐንስ ከጎኑ፤ ፈለቀ ደግሞ በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ከኋላ ገባ። ላንድሮቨሯ ቁልቁለቱን እያጓራች ወረደች፣ የቆላውን ድንጋይ ረገጠች፣ ሁለት ደረቅ ወንዝ ተሻገረች። አቶ ወልደዮሐንስ በእያንዳንዱ ወንዝ ዘወር እያሉ ፈለቀን ያዩታል። ፈለቀም እያየ እንዳላየ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

ከግራሩ ሲወጡ ሐይቁ ፊት ለፊታቸው ተዘረጋ። አመለወርቅ መኪናዋ በቅጡ ሳትቆም ወርዳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ውሃውን በእፍኟ ቀዳችና አየችው። ቀይ ነው፤ ሻይ የመሰለ። ከዳገቱ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው አባያ ቅርብ ሲሆን ቀይ ውሃ ነው።

"አሥራ አንድ ዓመት የተጣላንበት ሻይ ነው እንዴ?" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ታረቀኝም ሳቀ፤ ሙሉካም ሳቀ። አመለወርቅ ስትስቅ እንባዋ ይመጣል፤ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች አሁኑኑ አሸዋው ላይ አንሸራሽረኝ አለችው።

ሁሉም ገቡ። ሙሉካ ወደ አሸዋው ነዳ። መጀመሪያ እንዴት ደስ ይል ነበር! ነፋሱ በመስኮት ይገባል፣ ወፎቹ ከውሃው ዳር ይነሣሉ፣ አመለወርቅ ወደ ልጅነቷ ተመልሳ ታጨበጭባለች። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄዱ መኪናዋ ጎተት አለች፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ሙሉካ ነዳጅ ጨመረ። ጎማዎቹ እንደ ቢላ አሸዋውን ቆርጠው ወረዱ። ረዳት ማርሹን አስገባ፤ ይባስ ብላ ገባች።

ፈለቀ አሁን መካኒክነቱ መጣበት። ቅርንጫፍ አስቆረጠ፣ አሸዋ አስጫረ፣ አስገፋ። በገፉ ቁጥር ጠለቀች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሆዷ መሬት ነክቶ ነበር። ሁሉም ላባቸውን እየጠረጉ ቆሙ። ፈለቀ እንኳ ያን ሰዓት ሊቀልድ አልደፈረም፤ ዓይኑ ብቻ አምልጦት ኮፈኑ ላይ ያለችውን ጎማ አየ። አቶ ወልደዮሐንስ ሲያያት አዩት።

ሄደው ማሰሪያዋን መፍታት ጀመሩ። ታረቀኝ እጃቸውን ያዘ፤ እባክዎ ጋሼ፣ ጨዋታ ነው እኮ አላቸው። አመለወርቅም ለመነቻቸው።

"ሃያ ስምንት ዓመት በቃሌ ነው የኖርኩት" አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። "ዛሬ ጨዋታ ነበር ልበል?"

ጎማዋን ትከሻቸው ላይ ሊያወጧት ሞከሩ፤ ከበደቻቸው። አወረዷትና አቁመው በእጃቸው እየገፉ ያንከባልሏት ጀመር። ጋቢያቸው ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ባርኔጣቸው ተንጋዷል፤ ወደ ዲላ የሚወስደውን አቅጣጫ ይዘው በዚያ አሸዋ ላይ ብቻቸውን ሄዱ። አራቱ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ፈለቀ ፊቱን አዞረ፤ ያችን ቀልድ በአፉ ባላመጣት ብሎ በልቡ ራሱን ረገመ።

አርባ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ትንፋሻቸው አለቀ። ሊያርፉ ቆመው ወደ ኋላ ዞር ሲሉ የመጡበትን ዱካ አዩ። የራሳቸው ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብቷል። ያቺ ሁለት እጅ ማንሳት ያቃታት ጎማ ግን አሸዋውን ዳበስ ብቻ ነው ያደረገችው። አቶ ወልደዮሐንስ ጎንበስ አሉ። ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ተጫኗት፤ ገባ አለችላቸው። ንፋሷ ግማሽ ነበር። ወዲያው ከቦረና ወደ ገበያ የሚመጡት ግመሎች ትዝ አሏቸው። ግመል ኮቴው ለስላሳ ነው፤ ሲረግጥ ይሰፋል፤ በቅሎ የምትሰምጥበትን አሸዋ እየተራመደ ያልፈዋል።

ጎማዋን እዚያው ጥለው በሩጫ ተመለሱ። ስልሳ ዓመታቸው ነው፤ ግን ሮጡ።

"ሙሉካ፣ ንፋሱን አስወጣ! ከአራቱም፣ ግማሹን!"

ፈለቀ ከዚህ ከወጣን በኋላ በምን ልንሄድ ነው ሊል አፉን ከፈተና፣ ፊታቸውን አይቶ ዘጋው። ራሱ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ጎማ ከፈተ። ንፋሱ እያፏጨ ወጣ፤ ጎማዎቹ ተራ በተራ አሸዋው ላይ ተንጠፈጠፉ። ከሆዷ ሥር ያለውን ጫሩላት። ሙሉካ ረዳት ማርሹን አስገብቶ፣ እግሩን እንቁላል ላይ እንዳስቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ ነዳጁን ነካ። ላንድሮቨሯ አንዴ ተንገዳገደች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ከጉድጓዱ ወጥታ አሸዋው ላይ ቆመች።

የአመለወርቅ እልልታ ወፎቹን ሁሉ አስነሣ። ታረቀኝ ሽማግሌውን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! በውሃው ዳር ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ መጡ፤ አመለወርቅ አንዴ ብቻ ደግማችሁ እያለች ሦስቴ አስደገመች።

ሲመለሱ የተጣለችውን ስኮርታ አነሡ። ፈለቀ ኮፈኑ ላይ ሊያስራት ሲል አቶ ወልደዮሐንስ ከለከሉት። ወደ ወንበራቸው ገብተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ታረቀኝ መኪናዋ መች ጣለችን ብሎ ሊከራከራቸው ሞከረ።

"እሷስ አልጣለችህም" አሉ። "የጣልኩህ እኔ ነኝ። ንፋ ያልኩት እኔ አይደለሁም?"

ጠንካራው መንገድ ላይ ሲደርሱ ጎማዎቹ በእጅ ፖምፓ ተነፉ። ፈለቀ ሁለቱን ብቻዬን ካልነፋሁ አለ፤ ቅጣቱን ለራሱ የቆረጠው ራሱ ነው። አቶ ወልደዮሐንስ ግን ከወንበራቸው አልወረዱም። ዲላ እስኪገቡ ያቺን ጎማ እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ።

ገበያው ጋ ሲደርሱ አስቁሙኝ አሉ። ወርደው ስኮርታዋን ያንከባልሉ ጀመር። ያያቸው ሁሉ ነገሩ የገባው መሰለውና መንገዱ በሳቅ ተሞላ። ያን ጊዜ ፈለቀ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ጎማዋን በአንድ ወገን ደገፈላቸውና፣ በዚያ በማያርፈው ምላሱ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየጮኸ ለሰው ተናገረ፤ ሰጋቱራውን ሳይቀር። ታረቀኝ ደጅ ሲደርሱ የሚስቀው ሰው ሁሉ ከኋላቸው ተከትሏቸው ነበር፤ አሁን ግን የሚስቀው አብሯቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ወልደዮሐንስ በረንዳቸው ላይ ሆነው ወገባቸውን በትኩስ ጨርቅ ያሳሻሉ። ወይዘሮ ካሳነሽ እያሹም ይሳደባሉ፣ እየተሳደቡም ይስቃሉ። በሩ ተንኳኳ። ፈለቀ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ለራሱ መኪና ሊገዛ ነው፤ ይርጋለም አንድ አግኝቷል፤ እሱ ሞተሩን አይቶታል፣ ግን ልቡ አላረፈም።

አቶ ወልደዮሐንስ ጨርቁን ከወገባቸው ላይ አነሡና ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ያደረበትን መሬት አይተሃል?" አሉት።