ሁለት ጊዜ የተቀጠለ ገመድ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ባለ ጠርሙሱ» ይለዋል፤ በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነው። ሥራው በየሦስት ወሩ፣ የፋብሪካ መርዛማ ዝቃጭ በሚቀበርበት ግቢ ዙሪያ ከተቆፈሩ ስድስት ጉድጓዶች ውሃ እየቀዳ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ሰባተኛው ጉድጓድ ግን ከግቢው ውጭ፣ ዳገቱ ላይ፣ እሱን እንደ እናት ባሳደገችው በታላቅ እህቱ ጓሮ ይገኛል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ ስለዚህ የላይኛው ንጹህ ነው ተብሎ የታችኞቹ ከእሱ ጋር ይነጻጸራሉ። ጉድጓዱን ያስመረጠው ራሱ ነው። ምን ይደረግ፣ እህቱ ቤት ምሳ አለ።

ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልዩነት የለም።» ከወረቀቱ የሚያነበውም ይህችን የመጨረሻ መስመር ብቻ ነው። በር ላይ ሆኖ «ልዩነት የለም፣ እትዬ» ይላታል። እሷም «አንተስ መቼ ተለይተኸን ታውቃለህ፣ በተለይ በምሳ ሰዓት» ትለዋለች። ጎረቤቱ ደግሞ «የተመረመረ ውሃ ነው» እያለ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል፤ እትዬ ማንንም አትመልስም።

የዚያን ቀን ሳጥኑን አንግቶ ሲገባ የእህቱ ልጅ ሚጡ ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አምና አምስት ወር ሞልቷት ወርዶባታል፤ ስለዚህ አሁን ቤቱ ሁሉ እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት።

«አጎቴ፣ ዛሬ ራስህ ቅዳ። ባልዲ እንዳታነሺ ተብያለሁ» አለችው።

«ጉድ ፈላ። የኔን ወገብስ ማን ያስብለት?»

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ሰውዬው ሰነፍ ነው። ክፉ አይደለም፣ ሰነፍ ነው፤ አንዳንዴ ከክፋት የሚብሰውም ይኸው ነው። ደንቡ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በየጊዜው ይለካ ይላል። እሱ ግን እዚህ ጓሮ ሲደርስ ሚጡ የቀዳችለትን ጠርሙሱ ውስጥ ይገለብጥና ቅጹ ላይ «አሥራ ዘጠኝ ሜትር» ብሎ ወደ ምሳው ይገባል። ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ ዘጠኝ ሜትር። በገዛ እህቱ ጓሮ ምን ይመጣል?

ባልዲውን ለቀቀ። ገመዱ በመዳፉ ውስጥ እየሮጠ ሲወርድ ድንገት አንድ ቋጠሮ እጁን ገጨው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ።

«ይሄን ምን ብላችሁ ነው የቀጠላችሁት?»

«አልደርስ እያለን ነዋ» አለች ሚጡ። «ጡብ ፋብሪካው እላይ ያንን ትልቁን ፓምፕ ከተከለ ወዲህ ውሃው ሸሸ። ባሌ ሁለቴ ቀጠለው።»

ከሳጥኑ ውስጥ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚለውን መለኪያ አወጣና ወደ ጉድጓዱ ሰደደው። አሥራ ዘጠኝ፤ ዝም። ሃያ ሁለት፤ ዝም። ሃያ አምስት፤ ዝም። እባክህ አሁን ጩህ እያለ በልቡ ለመነው። ሃያ ሰባት ላይ ጢጥ አለ።

ድሮ የእህቱ ውሃ ከግቢው ውሃ አምስት ሜትር ከፍ ይል ነበር። ስምንት ሜትር ወረደ ማለት አሁን ሦስት ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከመሬት በታች ያለ ውሃ ደግሞ ላዩ ዳገት ይሁን ቁልቁለት ግድ የለውም፤ ወደ ሳቡት ይሄዳል። ፓምፑ ሲስብ የግቢው ውሃ ከነጉዱ ወደ እትዬ ጓሮ ዞሯል።

ከሳጥኑ ሥር የተጠራቀሙትን የሦስት ዓመት ውጤቶች አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ጀምሮ አነበባቸው። የታችኞቹ ቁጥር ባደገ ቁጥር ሰባተኛውም እግር በእግር እየተከተለ አድጓል። ልዩነት የለም የተባለው እውነት ነው፤ ሁሉም አብረው ተመርዘዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ሰምቶ ያውቃል። ለካ እያሳሳቀ ያስወሰዳቸው እሱ ራሱ ነው።

ቀና ሲል ሚጡ የጉድጓዱን ውሃ የያዘ ብርጭቆዋን ወደ አፏ አስጠግታለች።

«አትጠጪው» አለ።

እትዬ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። «ምን ሆነሃል አንተ? ዛሬ ልዩነት አለው እንዴ?»

«የለውም፣ እትዬ። ከመርዙ ግቢ ውሃ ጋር ልዩነት የለውም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልለካ ነበር የምጽፈው። ቁጭ ብዬ ምሳዬን እየበላሁ…»

እትዬ ብርጭቆውን ከልጇ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና መሬት ላይ ደፋችው። ከአጥሩ ውጭ የጀሪካን ኳኳታ ይሰማል፤ የከሰዓት ቀጂዎች መሰለፍ ጀምረዋል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ ዘጠኝ ሲል የከረመ ሰው ከየት አምጥቶ ያውቃል? ሚጡ ግን ተነስታ ወደ ጉድጓዱ መጣች። ገመዱን ጎትታ ሁለተኛውን ቋጠሮ በጣቶቿ ያዘች።

«ይቺን የቀጠልናት ካቻምና ነው» አለች። «የወረደብኝን ልጅ ከማርገዜ ሁለት ወር በፊት።»

አጎቷን ቀና ብላ አላየችውም፤ ቋጠሮውንም አልለቀቀችም።