ማን ያነበዋል?

መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ከጠዋት ጀምሮ ሥራው ይኸው ሆኗል። ቆራጩ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ከፋይ ጨርቅ በመዳፉ ወደ ላይ ይዳብሳል፣ ወደ ታች ይዳብሳል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ያሰመረውን ያጠፋል።

ከፋይ ጸጉር አለው፤ ጸጉሩ ወደ ላይ ሲሆን ጠቆር፣ ወደ ታች ሲሆን ፈካ ብሎ ይታያል። ባለፈው የአዳራሽ መጋረጃ ሲቆርጥ የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ አናቱ ላይ ቆመው «ቶሎ በል! ቶሎ!» ሲሉት፣ ጨርቁን ከቁመቱ መሃል አጠፈና ድርቡን ባንድ ላይ ቆረጠው። የአንዱ ጸጉር ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ሆነ። መጋረጃው ሲሰቀል ግማሹ የሐዘን ግማሹ የሠርግ መሰለ፤ ደንበኛው ሰድቦ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቢተኛም ቢነሳም «ምን ነካኝ?» ብቻ ነው። እጁም ፈራ። ዛሬ ካልቆረጠ ሌላ ቆራጭ እንደሚያመጡ እትዬ ቁርጡን ነግረውታል። እሱ ከሥራ ቢወጣ እሱ የሚያስተምራት ታናሽ እህቱ ማን ላይ ትወድቃለች?

የእትዬ ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ሥነ ልቦና ስለምትማር ሰፊዎቹ ገና ሳትመረቅ «ዶክተሯ» ይሏታል።

«ሩብ ሰዓት አለህ?» አለችው።

«ለምን?»

«በሕይወትህ ከምንም በላይ የምትወደውን ነገር እንድትጽፍ። ለምን እንደምትወደውም። ስለ መጋረጃው ግን አንድም ቃል አትጻፍ።»

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም።»

ልጁ በሆዱ ሳቀ። ማንም የማያነበውን ማን ያስጽፋል? በገዛ እጁ የጻፈውን ማስረጃ አድርገው ሊያባርሩት ነው!

«እትዬ ናቸው የላኩሽ?»

«እማዬ? እሷማ ብታየኝ ወረቀት አባከንሽ ነው የምትለኝ። ስማ፣ ሰው አንድ ጥፋቱን ሲያመላልስ ሲያመላልስ፣ ሌላ ነገር ያለው አይመስለውም። ያለህን እንድታየው ነው። በኛ ዕድሜ ያሉ ሞክረውት የቀለላቸው አሉ። ካልበጀህ ቅደደው።»

«ብቀደው አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

«ወይ ጣጣ! ቆዝመህ ማየት ሰለቸኝ፤ ሌላ ምን ላገኝ?»

አላመናትም። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብሎ ሊተወው አሰበና፣ እምቢ ማለቱም ይቆጠርብኝ ይሆናል ብሎ ፈራ። ከክር መደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ፣ ማንም ቢያነበው የማያስከስሰውን መረጠ፤ ስለ እህቱ ጻፈ። ሒሳብ አልገባ ሲላት እንደምታለቅስ፣ እሱ ደግሞ ሳይሰለች ደጋግሞ እንደሚያስረዳት፣ ሲገባት ጠረጴዛውን መትታ እንደምትስቅ። ያን ሳቅ ሲሰማ ደህና ሰው እንደሆነ ይሰማዋል። ይህንንም ጻፈው። ቀና ሲል ወረቀቱ ከፊትም ከኋላም ሞልቷል፤ «ምን ነካኝ?» የሚለውም ድምፅ የለም። ደነገጠ። ይሄ ደግሞ ምን ተንኮል ነው?

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» እትዬ ከኋላው ቆመዋል።

«የራሴ ነገር ነው።»

«እስቲ አምጣው።» እጃቸውን ዘረጉ። እነሆ፣ አላልኩም? አለ በልቡ።

እትዬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን ስላጣደፍኩህ በኔ ላይ ነው የምትጽፈው?»

ለካ እሳቸውም ሲፈሩ ነው የከረሙት! ጥፋቱን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ ሲንገላታ፣ እሳቸው ድርሻቸውን ያውቁ ኖሯል። ንዴትም እፎይታም ባንድ ላይ መጣበት።

«እርስዎ የሉበትም» አለ፤ «ግን አልሰጥዎትም።»

ሰፊዎቹ ከመኪናቸው ቀና አሉ። ይህ ልጅ እትዬን እምቢ ሲል ሰምተው አያውቁም። እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እሺ፣ ከፋዩስ?»

«እቆርጠዋለሁ።»

«በል እጠፈውና ቶሎ ቶሎ...»

«አላጥፈውም፣ እትዬ። ነጠላ በነጠላ ነው የምቆርጠው። ቢዘገይም ይዘግይ።»

መልሳቸውን አልጠበቀም። ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፤ ጨርቁን አንዴ ብቻ ዳብሶ መቀሱን ሰደደበት።