ልኩ ያልሆነ ጫማ

«እሷ ወንበር ሰው አላት!»

አጎቷ ከተቀበረ ጀምሮ ልጅቷ ይህን ስትል ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለቀስተኛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በሩ ጥግ ያለችው ወንበር ግን ባዶዋን ናት።

«ማንን ጠብቃ ነው?» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ፣ ያንሾካሾከች መስሏት።

«አባቷን ነዋ! ሃያ ሦስት ዓመት ያልመጣ ሰውዬ ዛሬ ለሚስቱ ወንድም ለቅሶ ሊመጣ!»

«ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ሻይ ልጨምርላችሁ ወይስ ወሬው ይበቃችኋል?»

ይመጣል። ጥሎት የሄደው ቡናማ የቆዳ ጫማው ይኸው ከወንበሯ ሥር ነው። በሰባት ዓመቷ ቆዳው ደርቆ ተሰነጠቀና «አባቴ ሞቷል ማለት ነው» ብላ እህል አልቀምስ አለች። ጫማ ሰፊው አጎቷ ጠገነው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ስትነሳ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ አንዳንዴም እርጥብ ጭቃ ይዞ ታገኘው ነበር።

«ጋሼ፣ አባቴ መጥቶ ነበር!»

«እኔ ምን አውቄ! ስተኛ ግንድ ነኝ» ይላት ነበር አጎቷ ሻዩን ፉት እያለ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ያነክስ ነበር።

«ጫማ ሰፊ ሆነህ የራስህን ልክ አታውቅም?» ትለው ነበር የተላጠ ጣቱን አይታ።

«የሰው እግር ስለካ የራሴን ረሳሁት።»

ዛሬም ሰኞ ነው። ጫማው ላይ ግን አቧራ የለም።

ከሰዓት በኋላ ከአጎቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጫማ ሲሰፉ የኖሩት ሽማግሌ መጡ። ከተቀመጡበት ስለማይነሱ «ሙጫው» ይሏቸዋል። ጫማውን አንስተው ገለበጡት።

«ይሄን ሶል ስንቴ ቀየርነው! የግራ ተረከዙን በውጭ በኩል ይበላዋል፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ነፍሱን? አባቴ...»

«አጎትሽ እንጂ።»

«ጫማው የአባቴ ነው!»

«ጫማውማ የአባትሽ ነው። አረማመዱ ግን የአጎትሽ ነው። ሁለት ቁጥር ያንሰዋል፤ ተው ስለው፣ ‹ቆዳ ካልተራመዱበት ይደርቃል፣ ልጅቷ ደግሞ ታየዋለች› አለኝ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«የወለሉን ጭቃ ማን የሚወለውለው መሰለሽ?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ ቀደመው። ወንበሯን ወደ ሽማግሌው ገፋች።

«ይቀመጡ አባባ። ሰው የላትም።»

ከዚያ ጫማውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ አጠለቀችው። እግሯ ዋኘበት። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና፣ የግራ ተረከዟን በውጭ በኩል እየረገጠች ሰፈሩን ልትዞር ወጣች።