ከድምፁ በታች ያለው ቁልፍ

ቤምፓ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ውስጥ እንደሱ ፈጥኖ ድረ ገጽ የሚሠራ ጥቂት ነው። ሲፈጥን ግን ያገኘውን ሁሉ አንድ ቦታ ይጠቀጥቃል።

የማሜ አፍራኮማንም ድረ ገጽ እንደዚያው ሠራው። ማሜ ሙሾ አውራጅ ናቸው። የሌሎች አልቃሾችን ድምፅ በስልካቸው ሲቀዱ ኖረዋል፤ ከተቀዱት አብዛኞቹ ዛሬ አፈር ሆነዋል፣ የገዛ እናታቸውም ጭምር። ቤምፓ ሠላሳ አራቱን ሙሾ ድረ ገጹ ላይ ጫነና የማሜ ስልክ ሞልቶ ስለነበር ከዚያ አጠፋቸው።

ማሜ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ እሳቸው በሚገቡበት የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ ያለውን ዝባዝንኬ ሁሉ በኮድ ደበቀ። ከእያንዳንዱ ድምፅ በታች በዚያው ኮድ የሠራት አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ብቻ ቀረች። እሷን ሲጫኑ ድምፁ ከገጻቸው ወጥቶ ወደ ሕዝብ ይሄዳል።

«እዚህ የሚያዩትን ሁሉ ሳይፈሩ ይጫኑ፣ ማሜ» አላቸው።

ያን ኮድ የጻፈው ግን የድረ ገጹን መልክ በሚወስነው ልብስ፣ ቲም በሚባለው ፋይል ውስጥ ነበር። አብራው የምትሠራው ዱፊ አይታ ሳቀች።

«ይሄ ፋይል የትሮትሮ ሚኒባስ ጣሪያ ነው እንዴ? ፍየሉም ፍራሹም እላዩ ላይ። የአስተዳዳሪውን ለብቻው አውጣው፣ ራሱን የቻለ ተቀጥላ፣ ፕለጊን አድርገው። ልብሱን የቀየርክ ቀን አብሮ ይሄድብሃል።»

«ነገ አደርገዋለሁ» አለ። ነገ እየተባለ ስምንት ወር ሄደ።

ማሜ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ሙሾ ለቀቁ። ሃያ ዘጠኙን ቅዳሜ ለሚውለው የእናታቸው ሙት ዓመት አስቀመጡ። ቤምፓም ለዕለቱ እንዲያምር ብሎ ሐሙስ ዕለት ለድረ ገጹ አዲስ ልብስ አለበሰው። ደወለና ነገራቸው፤ ደስ አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ገጹን ከፈቱ። ከድምፁ በታች ቀይ ቁልፍ አገኙ። ተጫኑት፤ ድምፁ ከገጹ ወጣ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ ሃያ ዘጠኙንም ተጫኑ። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሲከፍት ያገኘው የድሮዎቹን አምስት ብቻ ነው።

ቤምፓ እየሮጠ መጣ። ቀዩ ቁልፍ መሰረዣ ነበር፤ እሱን የደበቀው ኮድ ከነአረንጓዴዋ ቁልፍ ከአሮጌው ልብስ ጋር ሄዷል። በየሌሊቱ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ቅጂ ደግሞ ጽሑፉን እንጂ ድምፁን አይዝም፤ ቦታ እንዳይፈጅ ብሎ ድምፁን ያስቀረው እሱው ነው።

«ቀለሙ ተለውጦ አየሁት» አሉ ማሜ። «ልብሱን ሲቀይር ቀለሙንም ቀይሮት ነው አልኩ።» ከዚያ ወደ ቤተ ዘመዱ ዞሩ። «እጄ ነው የሳተው። ልጁን እንዳትቆጡት። አሮጊት ምን ታውቃለች?»

ቤምፓ ጥፋቱ የእኔ ነው ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ፣ የማሜ ወንድሞች፣ የሐዘን ቀይና ጥቁር የለበሰው ሕዝብ ሁሉ ያየዋል። አፉን መልሶ ዘጋ። ያቺን ሰዓት ዛሬም ድረስ ይጠላታል።

ሰኞ ዕለት ኮዱን አወጣው። የአስተዳዳሪው ለብቻው፣ የመልኩ ለብቻው፣ እያንዳንዱ ፋይል በስሙ። ልብሱን ሦስቴ ቀያይሮ ሞከረው፤ አረንጓዴዋ ቁልፍ ንቅንቅ አላለችም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ዱፊ፣ አጠገቡ ተቀምጣ። ግን አልሳቀችም። ከፋይሉ አናት ላይ ያለውን ማስታወሻ አነበበች፦ ይህ ኮድ ወደ ቲሙ አይመለስ። ድምፆቹ የጠፉት በእኔ ጥፋት ነው፤ የማሜ አፍራኮማ እጅ አልሳተም።

«ለማሜ ነግረሃቸዋል?»

«ጽፌዋለሁ አይደል።»

«እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ ቤምፓ። መስማት ነው የሚችሉት።»

ቤምፓ ፋይሉን አስቀመጠ። ስልኩ ከእጁ አጠገብ ነበር፤ አላነሳውም።