ደም የበላው መሬት

የሶፊ መንደር ገበሬዋ ዘቢባ ባሏ ከሞተ ወዲህ የጫት ማሳዋ ቢጫ ሆኖባት ነበር። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ከጀጎል ከተማ ሥጋ ሻጮች ደምና የቆዳ ቁርጥራጭ በአህያ እያመጣች ከጫቱ ሥር ትቀብር ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ከሽታው የተነሣ ሲማረር አጎቷ ዓሊዪ መጡ።

«ይህን ነጃሳ አውጥተሽ ጣይ» አሏት።

«አላወጣም፣ አጎቴ። መንደራችን የመጣው የእርሻ አስተማሪ ነግሮናል። አፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ የሚሉት አለ፤ ደሙን በልቶ ያብላላዋል። የሚሸተው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ነው፤ እሱም ለሥሩ ምግብ ይሆናል።»

«ባልሽ ቢኖር ይህን አትደፍሪም ነበር።»

«ቢኖርም እቀብር ነበር።»

አጎቷ ተቆጥተው ሄዱ። እሷም የቀረውን ቀበረች።

በሁለተኛው ወር ሽታው ጠፋ፤ ጫቱም አረንጓዴ ቀንበጥ አወጣ። ዓሊዪ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ሲያዩ ዘቢባ ሌላ ጉድጓድ እየቆፈረች ነበር።