ጣሪያ ያጣች ጥርስ

«ያው ራሱ ነው የምላችሁ!» አለ ዶክተር ነኝ ባዩ ባንታየሁ፣ እስክሪብቶውን በፎርሙ ላይ እያንከባለለ። «ዓይኑ፣ ሳቁ፣ ሁለመናው። ሳይንስ ደርሶበታል እኮ!»

ምትኩ የሰውየውን ክራባት በንቀት አየው። ሰው ተባዛ የሚል ወሬ ጋዜጣውን በሞላበት በዚያ በ1995 ጥር፣ በሚኖሩበት የባዕድ አገር ከተማ ውድ ሰፈር፣ ላቪንግተን ውስጥ ቪላ ተከራይቶ፣ ግድግዳው ላይ የዚያችን የተባዛች በግ ፎቶግራፍ ሰቅሎ፣ ልጅ በሞተባቸው ሐበሾች ፊት በአገሬው ቋንቋ «ፖሌ ሳና»፣ በጣም አዝናለሁ፣ እያለ እንባውን የሚጠርግ ሰው! ኤዲያ!

ሚስቱ እህተማርያም ግን ዓይኗን ከባንታየሁ አልነቀለችም። ጭኗ ላይ የክብሪት ቀፎ ይዛለች፤ ውስጡ የልጃቸው የኪያ የወተት ጥርስ አለች፤ ባንታየሁ ልጁን አባዝቶ ሊመልስላቸው የጠየቀው እሷን ነው። ስትወልቅለት እንደ ወጉ ጣሪያ ላይ ልወርውራት ብሎ አልቅሶ ነበር። የኪሊማኒው ቤታቸው ፎቅ ነው፣ ምን ጣሪያ አለው? «አዲስ አበባ ስንሄድ» ተባለና ተቀመጠች። ሳይሄዱ፣ በአራተኛው ወር ልጁን ማጅራት ገትር ወሰደው።

ሰውየው ውሸታም ቢሆን ለምትኩ በቀለለው። ያስፈራው፣ እውነቱን ቢሆንስ የሚለው ነው። እሱ ራሱ የተወለደው ታላቅ ወንድሙ ሐብተማርያም በሞተ በዓመቱ ነው፤ ስሙንም ምትኩ አሉት። የሟቹን ጫማ እግሩ እስኪሞላው ጠብቀው አጠለቁለት። ግራኝ ነበር፤ ሐብቴ በቀኙ ነበር የሚጽፈው ብለው ግራ እጁን አሰሩት። እናቱ እስኪሞቱ ድረስ ፊቱ ላይ የሚፈልጉት ሌላ ልጅ ነበር።

«ስሙን ማን ልትይው ነው?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት።

«ኪያ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

«ኳስ ባይወድስ? ኪያ የሚወደውን ሁሉ ቢጠላስ?»

ባንታየሁ ፈጠን ብሎ ጣልቃ ገባ። «አይዟችሁ፣ ይለምዳል።»

ምትኩ ከት ብሎ ሳቀ። «አቶ ባንታየሁ» አለ፣ ዶክተርነቱን ገፎ። «እኔ አርባ ዓመቴ ነው። እስካሁን አልለመድኩም።»

ተነስቶ ወጣ። አትክልቱ መሀል ቆሞ ሳለ እህተማርያም ተከተለችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ የክብሪት ቀፎውን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ምትኩ» አለችው፣ «እናትህ ይወዱህ ነበር?»

«እኔን?» አለ።

እህተማርያም ቀፎውን ከፈተች፤ የቪላውን ቀይ የሸክላ ጣሪያ ቀና ብላ አየች። ባንታየሁ ፎርሙን እንደያዘ ወደ በረንዳው ወጥቶ፣ «ኧረ እመቤቴ፣ ምን ነካሽ!» ሲል፣ ክንዷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ወረወረች።

ጥርሲቱ ሸክላው ላይ ኳ ብላ ነጠረች። ተንከባልላ ትመለስ እንደሆነ፣ ባልና ሚስቱ አንገታቸውን አቅንተው መጠበቅ ጀመሩ።