የወጌሻዋ ምራት

ነዒማ ከዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ተንሸራታ ግራ ክርኗ ሲያብጥ፣ መጀመሪያ የታያት የአማቷ ጣቶች ነበሩ።

አማቷ እማማ ላጢፋ ከወሎ ይዘው የመጡት ሙያ ወጌሻነት ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤታቸው ድረስ ወለም ያለው ሹፌር፣ ትከሻው የወለቀ ጫኝ አውራጅ እያቃሰተ ይወጣል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሳሉ፤ ቆዳ ስር ያለ ነገር አያመልጣቸውም። ነዒማ ደግሞ በዚያው ክንዷ፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ነገር አለቻት። ሳትመረቅ እንዳታረግዝ፣ ባገባች በወሩ የግቢው ክሊኒክ የቀበረላት የወሊድ መከላከያ ናት። ለሦስት ዓመት ትሠራለች። ባሏ አቡዘር አያውቅም።

አቡዘር የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ስለሚመኘው ልጅ ሲያወራ እንደ ጭነት ነው። አንድ ወር ልጃችን ሚሌን አልፏል ይላታል፤ በሚቀጥለው፣ አዋሽ ላይ ፍተሻ ይዞት ነው። ትስቃለች። ከሳቋ በኋላ ግን እጇ ሳታዘው ወደ ክንዷ ይሄዳል። የዶርም ጓደኛዋ ሃዊ፣ ይሄ ነገር በደም ስር ተጉዞ ልብ ይገባል ብላት ነበር። የክሊኒኩ ነርስ ሐሰት ነው ብላታለች፤ ነዒማም አምናታለች። ቢሆንም አንዳንዴ መምህሩ እያስተማረ፣ ያቺ እንጨት ቀይ ውሃ ላይ ቀስ ብላ ስትንሳፈፍ ትታያታለች።

ቅዳሜ አቡዘር ከምታድርበት ግቢ በር ይዟት ቤት መጣ። ሐኪም ቤት ልሂድ ብትለው፣ ቤታችን ወጌሻ ተቀምጣ ብሎ ሳቀባት።

እማማ ላጢፋ ፍራሹ ላይ አስቀምጠው እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰቡ፤ ቅቤውን በመዳፋቸው አሟሟቁ። አቡዘር ውሃ ሊያሞቅ ወጥ ቤት ገባ። የአማቷ ጣቶች ከእጅ አንጓዋ ተነሱ። ሕመሙ እየራቀ ሄደ። ከመስኮቱ ውጭ ሕንፃዎቹ በከሰዓቱ ፀሐይ ውስጥ ይዋኛሉ፤ በየበረንዳው የተሰጣ ልብስ ይነፋል፣ ይረግባል። ሞቅ ያለ ወንዝ ክንዷን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ መሰላት። ወንዝ ሽቅብ አይወጣም እኮ ስትል፣ ጣቶቹ ቆሙ።

እማማ ላጢፋ ዓይናቸውን አልገለጡም። በአውራ ጣታቸው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ለኩት።

"ይሄ አጥንት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው።

ነዒማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ዓመት። ስመረቅ አስወጣዋለሁ፣ ወላሂ።"

"እኔ በየሶላቱ ልጅ ስጣቸው እላለሁ። ለካ አንቺ በሩን ቆልፈሽ ነው የምታስለምኚኝ።" የሳቁም፣ የከፋቸውም ይመስላሉ። "ባልሽ ያውቃል?"

"ትምህርቱን ተይ እንዳይለኝ ፈራሁ፣ እማማ።"

ያቺን ቦታ ዘለው ማሸታቸውን ቀጠሉ። "እኔ አልነግረውም። ግን ካንቺ ጋር ሆኜ ልጄን አላሞኝም። ውሃውን ይዞ ሲመጣ ንገሪው።"

"ቢቆጣስ?"

"ይቆጣል። እኔ ከዚህ አልነሳም።"

አቡዘር ሳፋውን ይዞ ገባ። ነዒማ ውሃውን እያየች ሁሉንም ነገረችው፤ ክሊኒኩን፣ ሦስቱን ዓመት፣ ፍርሃቷን። ሳፋውን አስቀመጠ። ያ ነገር ከክንዷ ከወጣ በኋላም ልጅ ይከለክል እንደሆነ ጠየቃት። አይከለክልም አለችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እምቢ ትለኝ ነበር።"

ወደ እናቱ አየ፤ እሳቸው ቀና አላሉም።

"አዎ" አለ በመጨረሻ፣ "እምቢ እል ነበር።"

አሁንስ ብላ መጠየቅ አልደፈረችም። እሱ ተንበርክኮ ፋሻውን ከእናቱ እጅ ተቀበለ፤ እንዴት እንደሚታሰር እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። ከእጅ አንጓዋ ጀምሮ እየጠቀለለ ወጣ።

"ክርኗ ላይ ይብቃህ" አሉ እማማ ላጢፋ። "ከዚያ በላይ እንዳታጠብቅባት።"

እጁ ክርኗ ላይ ቆመ፤ እንጨቷ ወዳለችበት አልዘለቀም። ፋሻውን እዚያው ቋጠረው፣ ላላ አድርጎ።